የድንች መጽሐፍ ለአንደኛ ክፍል

አስቀድሜ ይቅርታ ልጠይቅ። የእጅ ጽሑፌ ዝናብ የገፋው አጥር ይመስላል፤ አንዱ ፊደል ወደ ግራ ያዘነብላል፣ አንዱ ወደ ቀኝ፣ አንዳንዱም ጭራሽ መስመሩን ለቆ ይተኛል። ፊደል ስገድፍ ካያችሁም በሆዳችሁ ያዙልኝ። ስምንተኛ ክፍልን የጨረስኩት ባለፈው ሰኔ ነው፤ እሱንም እኔ ጨረስኩት ከማለት እሱ እኔን ጨረሰኝ ማለት ይቀላል። ታዲያ ለምን ትጽፊያለሽ ብትሉኝ፣ ሰው ፊት ቆሜ ማውራት ስለማልችል ነው። ወረቀት ደግ ነው፤ ዓይን ዓይኔን አያየኝም።

እንጅባራን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ የኛ ክረምት ወቅት ሳይሆን መሄድ የማይወድ እንግዳ ነው። በሰኔ ሳይጋበዝ ይገባል፣ መስከረም ሲጠባም በር ላይ ቆሞ ወሬውን ይቀጥላል። ጭጋጉ ሲወርድ ባጃጁን ከማየታችሁ በፊት ድምፁን ትሰማላችሁ፤ መንገድ የምትለቁት በጆሯችሁ ነው። ትምህርት ቤት ይዘጋል፣ ልጆች ቤት ውስጥ ይታጎራሉ፣ እናቶችም በቀን አሥር ጊዜ «ምነው መስከረም በጠባ» ይላሉ። ለክረምት ምን ይለበሳል፣ ምን ይበላል፣ ጣሪያው የት ጋ ያፈሳል ብሎ የሚጨነቅ ሞልቷል። ምን ይነበባል ብሎ የሚጨነቅ ግን አንድ ሰው ብቻ አውቃለሁ።

እሳቸውም መምህር ጌታሁን ናቸው፤ የትምህርት ቤታችንን ማንበቢያ ክፍል የሚጠብቁት። ባለፈው ሰኔ አንድ ሐሳብ መጣላቸው። የአንደኛና የሁለተኛ ክፍል ልጅ ሁሉ ከወላጁ ጋር ይመጣል፤ አንድ መጽሐፍ ለልጁ፣ አንድ መጽሐፍ ለወላጁ ለክረምቱ ይዘው ይሄዳሉ፤ በጳጉሜ ይመልሳሉ። «ልጅ ብቻውን አያነብም፤ የሚያነበው ቤቱ ነው» ይላሉ። እሳቸው ለክረምት ሥልጠና ወደ ዳንግላ የሚሄዱበት ቀን ስለደረሰ መዝገቡን እሳቸው ሊይዙ፣ ለማን የትኛው መጽሐፍ እንደሚሆን ደግሞ እኔ እንድመርጥ አዘዙኝ። ለምን እኔ? ማንበቢያ ክፍሉን እንደ እኔ የሚያዘወትር ተማሪ አልነበረማ። መጽሐፍ ወዳድ መስያቸው ነው። እውነቱን ለመናገር፣ ግድግዳው ላይ «ማውራት ክልክል ነው» የሚል የተለጠፈበት ቤት ከተማው ውስጥ እሱ ብቻ ስለነበረ ነው።

ለልጆቹ መምረጥ ቀላል መሰለኝ። ጭንቁ ወላጆቹ ላይ ነበር። ለአንድ ሰው መጽሐፍ ለመምረጥ መጀመሪያ ማንበብ መቻሉን ማወቅ ያስፈልጋል፤ እስቲ እናንተ፣ አባታችሁን የሚያህል ሰው ፊት ቆማችሁ «ማንበብ ይችላሉ?» ብላችሁ ጠይቁ። በኛ ከተማ ደግሞ ማንበብ የማይችል ሰው የለም። የከሰል ጭስ ዓይኑን ያበላሸበት ሰው ብቻ ነው ያለው። ወረቀት ስትሰጡት ራቅ አድርጎ ይይዘዋል፣ ቀረብ ያደርገዋል፣ ከዚያ «ይህ የከሰል ጭስ ዓይኔን ፈጀውኮ፤ እስቲ አንተ አንብበው» ብሎ ለጎረቤቱ ያቀብላል። ጎረቤቱም ጭስ ያገኘው ከሆነ ወረቀቱ መንደሩን ዞሮ ይመጣል። የብር ኖት ሲሆን ግን፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጭሱ ለሁሉም ይገለጣል።

ስለዚህ ሌሊቱን ሙሉ አስቤ ሲነጋ አንድ ዘዴ ይዤ መጣሁ። መጽሐፎቹን አግዳሚው ላይ ደረደርኩና ለመምህር ጌታሁን፣ ልጁ ለወላጁ ይምረጥ፣ ወላጁም ለልጁ ይምረጥ አልኳቸው። እንዲህ ከሆነ እኔ ማንንም ምንም አልጠይቅም። መምህሩ መነጽራቸውን አውልቀው በአድናቆት አዩኝ። «ይህ ትልቅ ጥበብ ነው» አሉ። ጥበብ አልነበረም፤ ዓይናፋርነት ነው። አንዳንዴ ሁለቱ ከሩቅ ሲታዩ ይመሳሰላሉ።

አባቶች መጽሐፍ ሲመርጡ አይታችሁ ታውቃላችሁ? በእጃቸው ይመዝኑታል። አንዱ ባለ ጋቢ ሰውዬ ቀጭኗን የተረት መጽሐፍ አንስተው ከፍ ዝቅ አደረጓትና «ይቺ ልጄን አታጠግብም» ብለው አስቀመጧት። ሌላው ፈረስ እንደሚገዛ ሰው ጥርሷን፣ ማለቴ ጥርዟን፣ ገልጠው አዩ። አንዲት እናት ደግሞ ሥዕል የበዛበትን ገፋ አድርገው፣ ልጄ ሥዕሉን ካየችው በኋላ ፊደሉን ምን ብላ ታነበዋለች አሉኝ። ልጆቹ ግን ለወላጆቻቸው ሲመርጡ ለአፍታም አያመነቱም። አንዷ ሁለት ጥርስ የወለቀባት ልጅ፣ ፊቱ እንደ ሐምሌ ሰማይ ለጨፈገገው አባቷ የሚስቅ አንበሳ ያለበትን መጽሐፍ መረጠችለት። አባትየው አንበሳውን አየ፣ ልጁን አየ፣ ከብብቱ ሥር ሸጉጦት ወጣ። በር ላይ ሲደርስ ግን ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር።

ከዚያ ትሁን ከእናቷ ጋር ገባች።

ትሁን ስምንት ዓመቷ ነው፤ አንደኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ ተምራ ሁለቱንም ጊዜ ወድቃለች። እናቷ እትዬ ማናለች ገበያ ላይ ድንች ይሸጣሉ፤ ከቤታቸው ጀርባ ባለችው መሬትም ራሳቸው ያበቅላሉ። እትዬ ማናለች ገና አግዳሚው ላይ ሳይቀመጡ ለመምህሩ ጉዳያቸውን ተናገሩ። እህታቸው ጫግኒ ከተማ ወልዳለች፤ ሕፃኑን የሚያዝልላት ልጅ ትፈልጋለች። ትሁን ደግሞ ቤት ውስጥ መጽሐፏን ይዛ እንደ ውኃ ታነባለች፣ ክፍል ውስጥ ግን ትወድቃለች።

«መምህር፣ ወይ ልጄ ዋሽታኛለች ወይ ትምህርት ቤቱ ዋሽቶኛል፤ እኔ ማንን ልመን?» አሉ። «ይህን ክረምት ልያት። መስከረም ሊጠባ ሲል እርስዎ ፊት ታንብብና፣ ታነባለች ካሉኝ ሁለተኛ ክፍል ትግባ። አይ ካሉኝ ጫግኒ ትሂድ፤ እዚያስ ቢያንስ ሙቀት አለ።»

ትሁን ይህን ስትሰማ የቀሚሷን ጠርዝ መጠቅለል ጀመረች። መምህር ጌታሁን አዘኑ መሰል፣ የአንደኛ ክፍልን መጽሐፍ አውጥተው ሰጧትና እስቲ አንብቢ አሏት። ልጅቱ መጽሐፉን ከፈተች፤ አነበበች። እንዴት ያለ ንባብ! አትቆም፣ አትደናቀፍ፣ ድምጿ እንደ ምንጭ ይንቆረቆራል። እናትየው ቀና አሉ። መምህሩ ይህች ልጅ ምን ሆና ነው የወደቀችው እያሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ ግን ጣቷን አየሁ። ጣቷ ከአፏ ሁለት መስመር ወደ ኋላ ቀርቶ ነበር። ገጹ ሲያልቅ ደግሞ መገልበጥ ረሳች፤ የሚቀጥለውን ገጽ ሦስት መስመር ካነበበች በኋላ ነው የገለበጠችው። ያልተገለጠ ገጽ የሚያነብ ዓይን ደግሞ የቅዱሳን ካልሆነ በስተቀር የለም።

ገባኝ። ልጅቱ አንዲት ፊደል አታውቅም። ክፍል ውስጥ ስልሳ ልጅ በአንድ ድምፅ እየጮኸ ሲያነብ፣ መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር በጆሮዋ ይዛዋለች።

መናገር ነበረብኝ። ዝም አልኩ። ዝም አይነቅዝም ይላል የሀገሬ ሰው፤ እውነት ነው አይነቅዝም፤ ሆድ ውስጥ ብዙ ሲቆይ ግን ይበሰብሳል።

እትዬ ማናለች ለልጃቸው መጽሐፍ መምረጥ ጀመሩ። በተረቶቹ አጠገብ አለፉ። በሥዕሎቹ አጠገብ አለፉ። ጥግ ላይ፣ ለማንም አይሆኑም ብዬ ለብቻ ወደ ከመርኳቸው አሮጌ መጽሐፎች ሄዱና ጎንበስ ብለው አንድ ወፍራም መጽሐፍ አነሱ። ሽፋኑ ላይ ድንች አለ። ለግብርና ሠራተኞች የተዘጋጀ፣ ስለ ድንች ዘር፣ ስለ ድንች በሽታ፣ ስለ ድንች አቀማመጥ የሚያትት መጽሐፍ ነው። መዘኑት። ደስ አላቸው።

«ለልጄ ይህን» አሉ።

አፌን ከፈትኩ። ይህ ለአንደኛ ክፍል አይሆንም፣ ይህ የትልልቅ ሰው ነው፣ ፊደሉ ደቃቅ ነው ልል ነበር። አፌን ዘጋሁ። መምህሩ ቀና ሳይሉ መዘገቡት። ትሁን በበኩሏ ለእናቷ ጫማ ያደረገች ዶሮ የተሣለችባትን ቀጭን ተረት መረጠች፤ ሁለቱንም በፌስታል ጠቅልለው፣ ፌስታሉን ከነጠላቸው ሥር ይዘው፣ እናትና ልጅ ዝናቡ ውስጥ ገቡ። አንዲት ፊደል ለማታውቅ ልጅ፣ ጫግኒና ትምህርት ቤት መሐል ለቆመች ልጅ፣ የድንች በሽታ መጽሐፍ አሸክሜ ላክኋት። መራጭ ተብዬዋ እኔ ነኝ።

ሐምሌን ሙሉ እንቅልፍ አልነበረኝም ብል ማጋነን ይሆናል፤ እንቅልፌን እተኛ ነበር፣ ሕልሜ ግን ድንች ድንች ይል ነበር። ነሐሴ ሲጋመስ፣ መጽሐፎቹ እርጥበት እንዳያገኛቸው ቤት ለቤት ዞረሽ እይ ያሉኝን የመምህሩን አደራ ላደርስ ወጣሁ። አንዱ ቤት መጽሐፉን ከሞሰብ ውስጥ አገኘሁት፤ ከእንጀራው ይልቅ ደርቋል። ያ ፊቱ የጨፈገገ ሰውዬ የሚስቀውን አንበሳ ከአልጋው ራስጌ ሰቅሎታል፤ ከነመጽሐፉ። ከቀርከሃው አጥር ወዲያ ያለው የእትዬ ማናለች ቤት የመጨረሻው ነበር። በሩ ላይ ደርሼ ልጠራ ስል ከውስጥ ድምፅ ሰማሁና ቆምኩ።

ያ እንደ ምንጭ የሚንቆረቆረው ድምፅ አልነበረም። ጭቃ ላይ የሚሄድ ሰው እርምጃ ነው የሚመስለው። «ጥ… ቁ… ር… ነ… ጠ… ብ…» ትላለች ትሁን። ከዚያ በዜማ፣ «ጠ፣ ጡ፣ ጢ፣ ጣ… ጣ! ነጠብ-ጣብ።»

በበሩ ቀዳዳ አየሁ፤ ትሁን ግድግዳው ላይ ከተለጠፈው የፊደል ገበታ ጋር እያስተያየች ጣቶቿን ትቆጥራለች። እትዬ ማናለች ጎናቸው የተቀመጠችውን ልጅ ሳይሆን እጃቸው ላይ ያለውን የድንች ቅጠል ያያሉ። ቅጠሉ ጠርዝ ጠርዙ ጠቁሯል። መጽሐፉ ላይ ካለው ሥዕል ጎን ያስጠጉታል፣ ያነጻጽሩታል። እናትና ልጅ ቤታቸው ሲሆኑ የሚያወሩት በአገውኛ ነው፤ ትሁን መስመሩን በአማርኛ ታግላ ትጨርስና በአገውኛ ለእናቷ ታስረዳለች፣ እናትየው ደግሞ «ቀጥሎስ?» ይላሉ። ልጅቱ ቆይ እማ አለች። እናቷ፣ እኔ እቆያለሁ፣ ቅጠሉ ነው የማይቆየው አሏት።

ጠራሁና ገባሁ። የተቀቀለ ድንች አቀረቡልኝ። ከዚያ እትዬ ማናለች የፈራሁትን አደረጉ፤ መጽሐፉን ከልጃቸው ጭን አንስተው ወደ እኔ ዘረጉ። «አንቺ ስምንተኛ የጨረስሽ፣ እንግዲህ በፍጥነት አንብቢልኝ። ይህች ልጅ ሦስት ቀን ሙሉ አንድ ገጽ ላይ ናት፤ በሽታው እርሻዬን ሊጨርሰው ነው።»

ትሁንን አየኋት። ትሁንም አየችኝ። መጽሐፉ ከእጇ ሲወጣ ፊቷ፣ የጀመረውን ቤት ሌላ ሰው ጣሪያ ሊያለብስበት የመጣበትን ሰው ፊት መሰለ። እኔም በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ በድፍረት ዋሸሁ።

«የከሰል ጭስ ዓይኔን ፈጅቶት ነው፣ እትዬ» አልኩ።

እትዬ ማናለች ጎንበስ ብለው ዓይኔን አዩት። «በዚህ ዕድሜሽ» አሉ በሐዘን። ከንፈራቸውን መጠጡልኝ። ከዚያም መጽሐፉን ወደ ትሁን መለሱና፣ በይ እንግዲህ፣ ከአንቺ ሌላ ማን አለኝ አሏት። ልጅቱ ጣቷን ያቆመችበት ቦታ ላይ መልሳ አኖረች። ጣቷ አሁን ከአፏ ቀድሞ ነበር የሚሄደው። ማንም ጮሆ አንብቦላት የማያውቀውን መጽሐፍ በጆሮ መያዝ አይቻልማ።

ወደ ቤቴ ስመለስ ዝናቡ አልከበደኝም። ለልጅ መጽሐፍ ስንመርጥ ሥዕሉን እንመርጣለን፣ የፊደሉን መጠን እንመርጣለን፣ ዕድሜው ስንት ነው እንላለን። አንብቦ ሲጨርስ መልሱን የሚጠብቅ ሰው አጠገቡ መኖሩን ግን ማንም አይጠይቅም። ይህን ያወቅኩት እኔ አይደለሁም፤ እትዬ ማናለች ናቸው። እሳቸውም ድንቻቸውን እንጂ ሌላ ነገር አላሰቡም።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ጥሩ ነበር።

ጳጉሜ ገባ፤ መምህር ጌታሁን ከዳንግላ ተመለሱ፤ ማንበቢያ ክፍሉ መጽሐፍ በሚመልሱ ወላጆች ተጨናነቀ። እትዬ ማናለችም መጡ። የታመመውን ድንች ነቅለው ቀብረው፣ ከተረፈው ግማሽ ጆንያ የሚሆን ዘር መርጠው አስቀምጠዋል፤ ፊታቸው በርቷል። መምህሩ በእናትየው ቃል መሠረት ያንኑ የሰኔውን የአንደኛ ክፍል መጽሐፍ አውጥተው ለትሁን ሰጧት።

ትሁን መጽሐፉን ከፈተች። ጣቷን ፊደሉ ላይ አኖረች። ተንተባተበች። አንዱን ቃል ሦስት ቦታ ቆረጠችው፣ መልሳ ገጠመችው። አንዲት መስመር ለመጨረስ የፈጀባት ጊዜ፣ በሰኔ ሙሉውን ገጽ ከተወጣችበት ይበልጣል። ከኋላ አንዱ ልጅ ሳቀ። የእትዬ ማናለች ፊት ሲጠፋ አየሁት፤ መብራት እንደሚጠፋ ነው የጠፋው።

ቀስ ብለው፣ ማንንም ሳይወቅሱ፣ በሰኔ እንደ ውኃ ትወርድ እንደነበር ለመምህሩ አስታወሷቸው። «ክረምቱን ሙሉ እኔ በድንች ሳደክማት የነበራትንም ረሳች» አሉ። «ጥፋቱ የእኔ ነው» አሉ። መምህር ጌታሁን መነጽራቸውን ያወልቃሉ፣ ያደርጋሉ። እትዬ ማናለች የልጃቸውን እጅ ያዙ።

«በቃ፣ የጫግኒው መኪና ስንት ሰዓት ነው የሚወጣው?» ብለው አጠገባቸው ያለችውን ሴት ጠየቁ።

እግሬ ራሱ ነው ያስነሳኝ። ክፍሉ ሙሉ ሰው ነበር፤ ሁሉም ዞሮ አየኝ። «መምህር» አልኩ፤ ድምፄ የእኔ አይመስልም። «በሰኔ አላነበበችም። ያነበበችው ዛሬ ነው።»

እትዬ ማናለች በርኅራኄ ዞር አሉና፣ «ተይ ልጄ፣ አንቺኮ ዓይንሽን ጭስ ወስዶታል፤ ማንበብና አለማንበብን በምን ታውቂያለሽ?» አሉኝ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። መምህሩ ሳይቀሩ ሳቁ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ፤ የማንበቢያ ክፍሉ ወለል ግን ሲሚንቶ ነው።

ከዚያ ከመምህሩ ጠረጴዛ ላይ አንድ ወረቀት አነሳሁ። በር ላይ ሊለጥፉት ያን ጠዋት የጻፉት ማስታወቂያ ነው። ማንም አላየውም፤ ማንም ጮሆ አላነበበውም። ለትሁን ሰጠኋትና ከጎኗ ቁጢጥ አልኩ። ልጅቱ ወረቀቱን ብዙ አየችው። ከዚያ ጀመረች፤ ጭቃ ላይ እንደሚሄድ ሰው፣ አንድ እግር፣ ሌላ እግር።

«ለ… ሁ… ለ… ተ… ኛ። ለሁለተኛ። ክ… ፍል። ም… ዝ… ገ… ባ።» ቆመች። በጣቶቿ ቆጠረች። «ወ… ላጅ… ል… ጁን… ይ… ዞ… ይምጣ።» ከዚያ ወደ እናቷ ዞራ በአገውኛ ነገረቻቸው።

እትዬ ማናለች አንዴ ወረቀቱን፣ አንዴ ልጃቸውን፣ አንዴ መምህሩን አዩ። «እንደዚያ ነው የሚለው?» አሉ። መምህር ጌታሁን፣ ቃል በቃል እንደዚያ ነው የሚለው አሏቸው።

«እንግዲያማ ይዣት መጥቻለሁኮ» አሉ እትዬ ማናለች፤ እጇንም አለቀቁም።

የመጀመሪያዋ የሁለተኛ ክፍል ተመዝጋቢ ትሁን ሆነች። እናቷ የድንቹን መጽሐፍ ለመመለስ ግን እንቢ አሉ፤ ዘሩ አሁን ቡቃያ እያወጣ ነው፣ ስለ አቀማመጡ የሚያወራው ቦታ ላይ ገና አልደረስንም አሉ። መምህሩ እስከ ጥምቀት ጻፉላቸው። ጫማ ያደረገችዋን ዶሮ ግን መለሱ፤ ክረምቱን ሙሉ ሥዕሏን አይተው እንደጨረሷት ነገሩኝ፤ ደኅና ዶሮ ናት፣ ጫማው ግን በኛ ጭቃ አይሆንም አሉኝ።

ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ መምህር ጌታሁን መጽሐፎቹን እየደረደሩ ጠየቁኝ። «እኔ ሃያ ዓመት አስተምሬ ያላየሁትን አንቺ በምን አየሽው?» አሉ። «ገመትኩ» አልኳቸው። ዓይናቸውን ሳላይ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ለሰው ሁሉ የሚያወሩት ይህች ልጅ መጽሐፍና ልጅ የማገናኘት ተሰጥኦ አላት እያሉ ነው፤ የሚመጣውን ክረምትም አንቺ ነሽ የምትመርጪው ብለውኛል። እኔም አንገቴን ደፍቼ እሰማለሁ።

አልገመትኩም። እኔም እስከ አራተኛ ክፍል ድረስ ማንበብ አልችልም ነበር። ለእናቴ አልነገርኳትም፣ ለጓደኛ አልነገርኩም፣ ለንስሐ አባቴም አልነገርኳቸውም። ጎኔ የምትቀመጠው ልጅ ስታነብ እሰማና በቃሌ እይዘው ነበር፤ ተራዬ ሲደርስ ቆሜ እንደ ውኃ አወርደዋለሁ። ጣቴን ከአፌ እኩል ማስኬድ እችልበት ነበር፤ ገጹ የቱ ቃል ላይ እንደሚገለበጥም በቃሌ አውቅ ነበር። ያቺ ምስኪን ትሁን የጎደላት ይኸው ብቻ ነው። መምህራኖቼ ጎበዝ አንባቢ ይሉኝ ነበር፤ ዓይናፋር ስለሆንኩም ሌላ ነገር አንብቢ ብሎ የሚያስጨንቀኝ አልነበረም።

አንድ ቀን፣ አራተኛ ክፍል ሆኜ፣ እናቴ ስኳር ግዢ ብላ ላከችኝ። ባለ ሱቁን ማናገር እንደ ሞት ስለምፈራ ዝናቡ ውስጥ ከሱቁ ፊት ለፊት ቆሜ ድፍረት እስኪመጣልኝ እጠብቅ ነበር። መስኮቱ ላይ ካርቶን ተለጥፏል። አየሁት። ሌላ የሚታይ ነገር ስለሌለ ደግሜ አየሁት፤ ጣቶቼን በኪሴ ውስጥ እየቆጠርኩ፣ ሰ፣ ሱ፣ ሲ እያልኩ፣ አንድ በአንድ ፈታሁት። ማንም ያልነገረኝን ነገር ካርቶኑ ነገረኝ። «ስኳር የለም» ይላል። ባለ ሱቁን አንዲት ቃል ሳልጠይቀው ዞሬ ሮጥኩ፤ ባዶ እጄን፣ እስከ ጉልበቴ ጭቃ ሆኜ፣ እየሳቅሁ ቤት ገባሁ። እናቴ ስኳር በመጥፋቱ እንዲህ የሚደሰት ልጅ አይታ እንደማታውቅ እስከ ዛሬ ታወራለች።